ካፊል የሌለው ሲስተም

የስደት ታሪኩን የሚያወራ ሰው ሁሉ ከቤቱ የሚወጣው በሌሊት ነው። ጨለማ ነው፣ ውሻ ይጮኻል፣ እናት በር ላይ ቆማ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። እኔም እንደ ወጉ ሌሊት ለመውጣት አስቤ ነበር። ዋዜማውን መግሪብ ላይ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዱዓ አድርገውልኛል፣ ሻንጣዬን አስሬ ልብሴን እንደለበስኩ ጋደም ብያለሁ። ግን ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ኮምቦልቻ ላይ ተበላሽቶ ቆመና፣ ከከሚሴ የወጣሁት በማግስቱ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ በየሱቁ በረንዳ በተጠጋበት ሰዓት ሆነ። በዚህ ምክንያት ሦስት ጊዜ ተሰናበትኩ። በመጀመሪያው ስንብት አቅፋኝ ስታለቅስ የነበረችው አክስቴ ዘሃራ በሦስተኛው ላይ ከገበያ ስትመለስ አገኘችኝና፣ “አንተ ልጅ፣ አሁንም አልሄድክም እንዴ?” ብላኝ አለፈች።

አባቴ ግን ከጎኔ አልተለዩም። እናቴ ልጅ ሳለሁ ስለሞተች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ጨፋ ላይ ማሽላና ጤፍ የሚያርሱ፣ ጥቂት ከብትም ያላቸው ሰው። መንገዱ ዳር ቆመን የሚመጣውን መኪና ሁሉ እያዩ “ይኼ ነው?” ይሉኛል። “አይ አባ፣ ይኼ የጭነት ነው” እላለሁ። ትንሽ ቆይተው አሸዋ የጫነውን መኪና እያዩ ደግመው “ይኼስ?” ይሉኛል። ዓይናቸው ምን ያህል እንደደከመ በደንብ የገባኝ ያን ቀን ነው። ደሴ ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው ነበር፤ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ ጠብታው ግን የቀረውን ሊያቆይ ይችላል ብሎናል። ጠብታው ሳይቋረጥ መገዛት አለበት፣ እኔ ደግሞ ከሚሴ ውስጥ በማስተምርበት የኮምፒውተር ማሰልጠኛ የማገኘው ከእጅ ወደ አፍ ነበር። የስደቴ ምክንያት ይኼው ነው፤ ሌላ ትልቅ ነገር የለውም።

አውቶቡሱ ሲመጣ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አስጠግተው አዩኝ። ረዳቱ “ግባ! ግባ!” እያለ በሩን ይደበድባል። “ኢልማ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሆዳቸው ሲባባ አማርኛውን ትተው ወደ ኦሮምኛው ይሻገራሉ። “ሀብት አግኝተህ ና አልልህም። ዓይኔ ሳያልቅ ና፣ ልይህ።”

“በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ኢንሻአላህ” አልኩና ገባሁ። ያን ጊዜ ሁለት ዓመት በጣም ረጅም ይመስለኝ ነበር።

ሻርጃ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ወጣት ሹም ነው። ፓስፖርቴን አየ፣ ቪዛዬን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ቪዛው ላይ የተጻፈው ሥራ “ሐዳድ” ነው፤ ብረት ሠራተኛ፣ በያጅ። ደላላው ባለው ቪዛ ነበር የላከኝ።

“ሐዳድ ነህ?”

“ነኝ” አልኩ፣ በቁርአን ቤት አረብኛዬ።

“እጅህን አሳየኝ።”

ሁለቱንም ዘረጋሁለት። ዕድሜ ልኩን ኪቦርድ ሲነካካ የኖረ እጅ፣ እርሻ እንኳ በወጉ ያልነካ።

“ይኼ የብረት ሠራተኛ እጅ ነው?”

“ጓንት ነበረኝ።”

“ምን ነበር የምትበይደው?”

“በር።”

“የት?”

“ከሚሴ።”

“ከሚሴ ምንድን ነው?”

“ከተማ ነው። ወደ ደሴ ሲኬድ።”

“ደሴስ ምንድን ነው?”

እኛ እኮ ደሴን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብለን አስበን አናውቅም። ማህተሙን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና ፓስፖርቴ ላይ አሳርፎ፣ “የከተማችሁ በሮች ሁሉ ወድቀው ይሆናል” ብሎ አሳለፈኝ።

አገር ቤት ያላችሁት ስለ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። የከሚሴ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ጥላ ስታገኝ ይተውሃል፣ ወደ ማታም ከቦርከና በኩል ነፋስ ይመጣል። የዚህኛው እርጥብ ነው፤ ከበር ስትወጣ ሰው በእርጥብ ፎጣ የጠቀለለህ ይመስልሃል፣ ጥላ ውስጥም ተከትሎህ ይገባል። ሰላምታም እንደኛ አይደለም። እኛ ዘንድ አንድ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝህ ስለ ጤናህ፣ ስለ ቤተሰብህ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ጠይቆ ሳይጨርስ አይለቅህም። እዚህ አሥር ሰው አንድ አሳንሰር ውስጥ ቆሞ ሁሉም የፎቁን ቁጥር ያያል። የመጀመሪያው ሳምንት “አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደራችሁ” እያልኩ ስገባ፣ አንዱ ሰውዬ ኪሱን ዳበሰ፤ ልለምነው መስሎት ነው መሰለኝ።

መኖሪያዬ ቤድ ስፔስ የሚሉት ነው፤ ክፍል ሳይሆን አልጋ ነው የምትከራየው። እኛ ክፍል ውስጥ ስድስት አልጋ፣ ሁለት ሁለቱ ተደራርቦ፣ አንድ መስኮት አለ። አከራያችን ጉል የሚባል ጢማም ሽማግሌ ነው። በገባሁ በማግስቱ መስኮቱን ከፍቼ ስቆም መጣ።

“የታችኛው አልጋ አይደለህም?” አለኝ።

“ነኝ።”

“መስኮቱ ከላይኛው አልጋ ጋር ነው የተከራየው።”

“አየሩስ?”

ጉል ክፉ ሰው አይደለም። “ከላይ የተረፈው ወደ አንተ ይወርዳል” አለኝ።

የላይኛው አልጋ ባለቤት ሰይድ ነው፣ የባቲ ልጅ፣ መጋዘን ጠባቂ። የባቲን ገበያ ያየ ሰው ሰይድን ያየ ያህል ነው፤ ከአፋሩም ከደገኛውም ተከራክሮ ያደገ፣ ነገር የማያልቅበት። መስኮቱን በነጻ አዋሰኝ። ምሳ ላይ ሁሌ ሩዝ ሲቀርብልን ሳህኑን እያየ፣ “አሁን የማሽላ እሸት ቢጠበስ፣ በኋላ ጥንቅሽ ቢመጠጥ” ይላል፤ ሌሎቹ ምን እንደሚል ስለማይገባቸው ዱዓ መስሏቸው አሚን ይሉለታል።

ካፊሌ ብረት ቤት ነበረው። ካፊል ማለት አገሩ ውስጥ ያስገባህ፣ ስምህ በስሙ የተጻፈ፣ ፓስፖርትህ መሳቢያው ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ እሱ ከተወህ ኢቃማ የሚሉት መኖሪያ ፈቃድህ አብሮ ይሄዳል። ስድስት ወር ብረት ተሸከምኩ። ብየዳ የማልችል መሆኔ በሁለተኛው ቀን ታውቋል፣ ግን ለመሸከም ሙያ አይጠየቅም። ከብረት ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የካፊሌ አማች አቡ ራሚ አንድ ቢሮ ነበረው። ሰዎች ለድርጅታቸው ድረ ገጽ ያሠራሉ አይደል? ያ ድረ ገጽ ቀን ከሌት የማይጠፋ ኮምፒውተር ውስጥ መቀመጥ አለበት። ኮምፒውተሩ ሰርቨር ይባላል፣ ማስቀመጡን ሆስቲንግ ይሉታል። የአቡ ራሚ ሥራ ይኼ ነበር። አንድ ቀን አየር ማቀዝቀዣ የሚሸከም ሰው ተፈለገና ወጣሁ። ሰርቨሮቹ ቆመው አቡ ራሚ ፀጉሩን ይነጫል፤ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አነበብኩና ችግሩን ነገርኩት። ማቀዝቀዣውን ትከሻዬ ላይ እንደተሸከምኩ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ታች አልወረድኩም፣ ቪዛዬ ግን ሐዳድ እንደሆነ ቀረ።

ይኼን ከየት ተማርከው ትሉኝ ይሆናል። ከሚሴ ነው። ያን ጊዜ ከሚሴ ኢንተርኔት ስሙ እንጂ አካሉ አልነበረም። ማሰልጠኛችን ውስጥ ግን አንድ መምህር ትቶት የሄደ ዲስክ ነበር፤ ፍሪቢኤስዲ የሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማለት ኮምፒውተሩን ከሥር ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም። ሊኑክስ እንደሚባለው ሌላ የታወቀ ሲስተም ሁሉ ነጻ ነው፣ አሠራሩም ለሁሉ ክፍት ነው። ዋናው ነገር ዲስኩ ላይ ሙሉ መመሪያው አብሮ ነበር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በደንብ የተጻፈ። ሊኑክሱን የሚማር ሰው ኢንተርኔት ላይ እየጠየቀ ነው የሚማረው፤ እኔ የምጠይቀው ስላልነበረኝ መጽሐፍ ይዞ የመጣውን ተማርኩ። መብራት ሲኖር እሞክራለሁ፣ ሲጠፋ ያተምኩትን ወረቀት በረንዳ ላይ አነባለሁ። የሚገርማችሁ፣ ሻርጃ ከገባሁ በኋላ እሱን የሚያውቅ አንድም ሰው አላገኘሁም።

ፎቅ ከወጣሁ በወሩ አቡ ራሚ አዳዲስ ሰርቨሮች ገዛና ምን ሲስተም እንጫንባቸው ብሎ ሰበሰበን። እኔና ሱኒል ነን፤ ሱኒል ከኬራላ የመጣ፣ ከእኔ በፊት የነበረ ሠራተኛ ነው። እሱ ሴንት ኦኤስ የሚባለውን ሊኑክስ ፈለገ፤ አንዴ ከተጫነ ለብዙ ዓመት ማስተካከያ እየመጣለት ይቆያል፣ ደንበኞች የሚወዱት የመቆጣጠሪያ ገጽም ለእሱ የተሠራ ነው። ዴቢያን የሚባለው ሌላ ሊኑክስም ተነስቶ ነበር፤ ፕሮግራም ማስገባት እንደሱ የሚቀል የለም። እኔ ፍሪቢኤስዲ አልኩ።

“ስንት ነው?” አለ አቡ ራሚ።

“ሁሉም ነጻ ናቸው፣ ሙዲር” አልኩ፤ ሙዲር አለቃ ማለት ነው።

“የማን ነው?”

“የማንም አይደለም። የዓለም ሰው በየቤቱ ሆኖ የሚሠራው ነው።”

“እሺ፣ ካፊሉ ማን ነው?”

“ካፊል የለውም።”

አቡ ራሚ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “ያለ ካፊል እዚህ አገር እንዴት ይኖራል?”

“እሱ ኢቃማ አይጠየቅም።”

“ወላሂ ከሁላችሁም ይሻላል” አለና ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ አሠሪ ሲስቅ መሳቅ ነው።

ከዚያ ሱኒል ተናገረ። “ሙዲር፣ ሴንት ኦኤስን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ነገ እኔ ብታመም ከመንገድ ሰው ጠርተህ ማሠራት ትችላለህ።” ለእሱ ትልቁ ጥቅም ይኼ ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ከመንገድ ሰው ተጠርቶ የሚሠራው ከሆነ እኔ ነገ ብረቱ ዘንድ ነኝ፤ ቪዛዬ እዚያ ነው። ስለዚህ ለአቡ ራሚ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁት። ሲስተሙ ከነሥረ መሠረቱ በአንድ ቡድን እንደሚሠራ፣ ደንበኞችን በየክፍላቸው ለያይቶ እንደሚያስቀምጥ፣ ሳይቆም ለወራት እንደሚሮጥ ነገርኩት። ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ውሸት የለበትም። እውነተኛውን ምክንያት ብቻ ነው ያልተናገርኩት፤ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም።

አቡ ራሚ እኔን ሰማ። ማታ ለሰይድ ስነግረው እግሩን ከላይኛው አልጋ አንጠልጥሎ አጨበጨበልኝ። “ጎበዝ! በሩን ሠርተህ ቁልፉን ዋጥከው! ቪዛህ ላይ ሐዳድ የተባለው ለካ እውነት ነው!”

እውነትም ሠራ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰርቨሮቹ ሳያስቸግሩ ሠሩ፣ እኔም እንደ ሰው ተከበርኩ። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ ለእረፍት ጠየቅኩ።

“አባቴ ዓይናቸው እየደከመ ነው፣ ሙዲር። አንድ ወር ብቻ።”

“አላህ ይማራቸው። ሂድ” አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ “ሰርቨሮቹንስ ማን ያናግራቸው?” አለ።

“ሱኒል አለ።”

“ሱኒል ቋንቋቸውን አይችልም ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ።”

ሱኒልን አስተምረውና በሚቀጥለው ዓመት ትሄዳለህ ተባልኩ። አላስተማርኩትም። እሱም መማር አልፈለገም፤ ከእኛ ቢሮ ውጭ የማይፈለግ ነገር ተምሮ ምን ያደርግለታል? በሚቀጥለውም ዓመት ያንኑ ጠየቅኩ፣ ያንኑ መለሰልኝ። አቡ ራሚን ክፉ ነው አልልም። እኔው ያሰርኩት ገመድ ነው፤ ራሴን ያሰርኩበት መሆኑ ግን ያኔ አልታየኝም ነበር።

ከአባቴ ጋር በየጁምዓው እንደዋወላለን። መጀመሪያ የሚያወሩኝ ስለሚያዩት ነገር ነበር፤ ማሽላው ምን ያህል እንደቆመ፣ ጨፋ ላይ ውኃው እስከየት እንደመጣ፣ ከቆላ ከብቱን ይዞ የመጣው ሰው ብዛት። ቀስ በቀስ ስለሚሰሙት ነገር ማውራት ጀመሩ። እከሌ እንዲህ አለ፣ ባጃጁ በዛ፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አደረ። ልዩነቱን ለማስተዋል ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ አንድ ጁምዓ፣ ስለ እርሻው አውርተው ሲጨርሱ፣ “የግራው ሄደ” አሉኝ በተረጋጋ ድምፅ። በሬ መስሎኝ “የት ሄደ?” አልኩ። “ዓይኔ ነዋ፣ ኢልማ ኮ። አብሽር፣ አይዞህ፣ ቀኙ ገና ሰው ይለያል።”

ስልኩን ዘግቼ ሰርቨሮቹ ያሉበት ክፍል ገባሁ። ቀዝቃዛ ነው፣ ሁሌም ያው ድምፅ ነው። አለቀስኩ። ይኼን ለመጻፍ አላፍርም። ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ ተናደድኩ፣ በአቡ ራሚ አይደለም፣ በዚያ ሁሉ ብልጠቴ።

በአራተኛው ዓመት ማሽኖቹ አረጁና አዲስ መጣ። አቡ ራሚ እንደገና ሰበሰበን፤ መልሱን የሚያውቅ መስሎት ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም።

“ሴንት ኦኤስ” አልኩ።

ሱኒል ዞሮ አየኝ። “ታመሃል?” አለኝ በሹክሹክታ።

“ያ መጥፎ ነው ያልከኝ አይደለም?” አለ አቡ ራሚ።

“መጥፎ ነው አላልኩም። ሁሉም ሰው ያውቀዋል ነው የተባለው።”

“ታዲያ አሁን ምን ተለወጠ?”

“አሁን ሁሉም ሰው እንዲያውቀው እፈልጋለሁ፣ ሙዲር። ከዚያ ወደ አባቴ እሄዳለሁ።”

አቡ ራሚ እጁን ወደ ማሽኖቹ ወርወር አደረገ፣ በሉ ጀምሩ እንደማለት። ሦስት ወር ፈጀብን። የደንበኛውን ድረ ገጽ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ እንገለብጣለን፣ እንሞክራለን፣ የድሮውን እናጠፋለን። የትኛው ይሻላል ብላችሁ የምትጠይቁኝ እዚሁ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞች፣ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ሁሉም ደህና ናቸው። ሲስተም ስትመርጡ ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ እኔ በሌለሁበት ቀን ማን ይነካዋል? መልሱ “ማንም” ከሆነ ደስ አይበላችሁ።

የደብዳቤ ሰርቨሩ፣ ማለት የደንበኞቹን ኢሜይል የሚያመላልሰው ማሽን፣ ብቻ በፍሪቢኤስዲው ላይ እንዲቆይ ተወሰነ፤ ለማዛወር ጊዜ አልነበረም። እሱን ለሱኒል ማስረከብ ነበረብኝ፣ እሱ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ነበረኝ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ ይነሳል፣ ደብዳቤው ግን አይነሳም፤ ሁለት መስመር ትእዛዝ በእጅ ካልተጻፈለት ያለ ምንም ምልክት ዝም ይላል። በአንድ ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ነው። ሳላስተካክለው የቆየሁት ሆን ብዬ ነው።

“ያቺን አትንገረው!” አለኝ ሰይድ። “በአላህ ይዤሃለሁ፣ ያቺን ተዋት። በሄድክ በሳምንቱ ዝም ትላለች፣ ሱኒል ቢያብድ አያገኛትም፣ አቡ ራሚ ራሱ ደውሎ ቲኬት ቆርጦ ይመልስሃል። ዓይናቸውንም አየህ፣ ሥራህም አልጠፋ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?”

ትክክል ነው የተናገረው። በማግስቱ ሱኒል ደብተሩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና ሁሉንም አንድ በአንድ ጻፈ። በመጨረሻ፣ “ሌላ የቀረ አለ?” አለኝ። “የለም” አልኩት። አስር ሶላት ደርሶ ነበርና ወረድኩ።

ስሰግድ ሐሳቤ አልሰበሰብ አለ። እኛ አገር ከብት ለርቢ ሲሰጥ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ላምህን ሌላ ሰው ያረባልሃል፣ ወተቱን እሱ ይጠጣል፣ ጥጃው የጋራ ነው። ስታስረክብ ግን ሁለት ሰው ባለበት አመሏን ትናገራለህ፤ ይቺ በግራ ከቀረቧት ትራገጣለች፣ ይቺ ወንዝ ስትሻገር ትደነግጣለች። አመል ደብቆ ያስረከበ ሰው ላሚቱ ደጁ ድረስ ተነድታ ትመለስበታለች፣ ከዚያ በኋላ ከብቱን የሚቀበለው አያገኝም። አባቴ አንድ ጊዜ አንዲት ጊደር ሰጥተው ከተመለሱ በኋላ፣ የተሰጣ ልብስ እንደምትበላ መናገራቸውን ረስተው፣ ያንኑ መንገድ በእግራቸው መልሰው ሄደዋል። ለአንድ ሻሽ ብለው። ያን ጊዜ ስቄባቸው ነበር።

ፎቁን ወጣሁ። “አንዲት ነገር ቀርታለች” አልኩት ሱኒልን፣ ነገርኩትም።

ጽፎ ጨርሶ ቀና አለ። “ለምን አላስተካከልካትም?”

“እንድትፈልጉኝ ነው።”

ሱኒል እስክሪብቶውን ከደነና ወደ በሩ አየ። “የባትሪው ክፍል ውስጥ” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ አለች። መብራት ሲጠፋ እሷ ካልተነካች ባትሪው አይሠራም። ከእኔ በቀር የሚያውቃት የለም። ስድስት ዓመቷ ነው።” የእሱ ቪዛ አትክልተኛ ነው የሚለው። ወስዶ አሳየኝ፣ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ አቡ ራሚ ሰምቶ ምንድን ነው እስኪል ድረስ። ሁለት መስመሯን በዚያው ቀን አስተካከልናት። የእሱን ማብሪያ ግን አልነካናትም፤ እሱ ገና የሚሄድበት የለውም።

አቡ ራሚ ፓስፖርቴን ከካፊሌ መሳቢያ አስመጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ፎቶው ላይ ያለው ልጅ ከእኔ በጣም ያንሳል።

“አንድ ወር” አለኝ።

“አንድ ወር። ከዚያ እመለሳለሁ።”

“ኢንሻአላህ” አለ። እዚህ የኖራችሁ ታውቃላችሁ፣ የኢንሻአላህ ዓይነቱ ብዙ ነው። አቡ ራሚ ይኼኛውን ሲል የሚያየው ሱኒልን ነበር፤ ሱኒል ሰርቨሮቹን ብቻውን ሲያስተካክል። ቪዛዬ የሚያልቀው ከሄድኩ በሁለተኛው ወር ነው። ታሳድስልኛለህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፣ እሱም አላነሳው። ከሚሴ ውስጥ ለሰርቨር ሰው ሥራ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ጠብታውን በምን እንደምገዛም እስካሁን አላወቅኩም። አንዳንዴ መሄዴ ያስፈራኛል። ይኼን የምጽፈው ግን ቲኬቱን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ነው።

ከቢሮ ስወርድ ብረት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ደወልኩ። ጁምዓ ስላልነበረ ደንግጠው አነሱ።

“አሰላሙ አለይኩም፣ አባ።”

“ወአለይኩሙ ሰላም። አካም ጅርታ፣ ደህና ነህ? ምን ሆንክ?”

“ነጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ልመጣ ነው አባ። ቅዳሜ ከሚሴ ነኝ።”

ከኋላ ዶሮ ይሰማኛል፣ የባጃጅ ጥሩምባም።

“ለምን ያህል ጊዜ ነው?”

“እንጃ፣ አባ። አላውቀውም።”

ለምን እንደማላውቀው አልጠየቁኝም። “ቅዳሜ በስንት ሰዓት ትደርሳለህ?” አሉ።

“ከአዲስ አበባ በጠዋት ብነሳ ዙህር አልፎ እደርሳለሁ።”

“ዙህር አይሆንም። ቀትር ላይ ብርሃኑ ይበዛብኝና ሁሉም ነገር ነጭ ይሆንብኛል። ማታም አላይም። ዓይኔ ትንሽ የሚሻለው ጠዋት ነው፣ ፀሐይዋ ገና ስትወጣ።”

“እንግዲያው ሸዋ ሮቢት አድሬ እሑድ ሳይነጋ ተነስቼ በጠዋት እገባለሁ።”

“እሱ ይሻላል” አሉ፤ ድምፃቸው ቀለል አለ። “በር ላይ እቀመጣለሁ። አንተ ግን ስትመጣ፣ ፀሐይዋን ከጀርባህ አድርገህ እንዳትቆምብኝ።”